ከማሳ እስከ ኮንቴይነር፦ የቡናችንን መረጃ እንዴት እናዋቅረው?

ቀይ_እሸት

ሰላም ለሁላችሁ። ጌዴኦ ዞን ውስጥ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። መሠረታዊ ማኅበሮቻችን ከአባሎቻቸው እሸት ቡና ይረከባሉ፣ ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ። እኛ አስፈልፍለንና አስለቅመን ወደ ውጭ እንልካለን። መረጃው በሙሉ ያለው ኤክሴል ላይ ነው። አንድ ፋይል ለአባላት፣ አንዱ ለርክክብ፣ አንዱ ለኤክስፖርት። ሦስቱ ፋይሎች አይተዋወቁም።

አሁን የአውሮፓ ገዢዎቻችን ደን ጭፍጨፋን ለመከላከል በወጣው የኅብረቱ ሕግ ምክንያት እያንዳንዱ ጭነት ከየትኞቹ ማሳዎች እንደተሰበሰበ ይጠይቁናል፤ ከነመገኛ ነጥቡ። ሕጉ የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። መተግበሪያ ቀኑ ቢራዘምም ገዢዎቹ መረጃውን ከወዲሁ ይፈልጉታል።

አንድ አማካሪ ድርጅት መጥቶ «ኖሌጅ ግራፍ እንሥራላችሁ» አለን፤ ነገሮችንና ግንኙነታቸውን እንደ መረብ አያይዞ የሚይዝ የመረጃ አደረጃጀት ነው። አለቃዬ ገለጻውን ወዶታል። እኔ ግን ለጥያቄዎቼ መልስ አላገኘሁም።

አንደኛው ቅልቅሉ ነው። ሰኞ የገባ እሸትና ማክሰኞ የገባ እሸት አንድ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል። ከዚያ አልጋ የተነሳው ቡና ግማሹ አንድ ሎት (ለሽያጭ አንድ ላይ የሚያዝ ክምችት)፣ ቀሪው ሌላ ሎት ውስጥ ይገባል። ታዲያ የአቶ እገሌ ቡና ያለው የትኛው ኮንቴይነር ላይ ነው? ስጠይቃቸው «ሲስተሙ ራሱ ያገናኘዋል» አሉኝ። በምን?

ሁለተኛው ስም ነው። በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ብዙ ገበሬዎች አሉ። በዚያ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ጸጋዬ» ይላል፣ ሌላው «ፀጋዬ»። ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባል አባል ሆኖ ሚስት በእሱ ደብተር የምታስረክብበትም ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ግን እንቅልፍ ነው የነሳኝ። የማሳዎቹን ነጥብ ሳተላይት ካርታ ላይ ስናስቀምጥ አንዳንዶቹ «ደን» ላይ አረፉ። የእኛ አካባቢ ቡና እኮ የሚበቅለው ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አያቱ የተከሉትን ጓሮ የያዘ ገበሬ ደን ጨፍጫፊ ተብሎ ቡናው ሊመለስበት ነው?

ስለ ኮንሴፕችዋል ሞዴልና ስለ ኦንቶሎጂ፣ ማለትም በአንድ ሥራ ውስጥ ምን ምን ነገሮች እንዳሉና እንዴት እንደሚያያዙ ስለሚገልጹ ንድፎች፣ ለማንበብ ሞክሬያለሁ። ማስተማሪያዎቹ ሁሉ ምሳሌያቸው ፒዛና ወይን ነው። ለቡና የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ከየት ልጀምር?

ፖስትግሬስ_ወዳጅ

እህቴ፣ የመሣሪያውን ጥያቄ ልመልስልሽ። ለዚህ ሥራ የግራፍ ዳታቤዝ የግድ አይደለም። ነገሮችንና ግንኙነታቸውን የሚያሳየው የፒተር ቼን የኢንቲቲ-ሪሌሽንሺፕ ሥዕል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ቡናውን የሚያውቀው ሰውና ፕሮግራመሩ አንድ ወረቀት ላይ እንዲግባቡ ዛሬም ይበቃል። ፖስትግሬስ በሚባለው የሠንጠረዥ ዳታቤዝ ላይ ሪከርሲቭ ኩዌሪ (ግንኙነቱን ደረጃ በደረጃ ራሱ የሚከተል ጥያቄ) ብትጽፊ ከኮንቴይነሩ ተነስቶ ወደ ኋላ እስከ ገበሬው ድረስ ይቆጥርልሻል። ለማሳዎቹ የካርታ መረጃ የሚይዘውን ተቀጥላውን፣ ፖስትጂአይኤስን፣ ጨምሪበት። ሁለቱም በነጻ ናቸው። ሥዕሉ ላይ ያልተስማማችሁበትን ነገር ግን ግራፍም ሆነ ሠንጠረዥ አይፈታላችሁም።

ስለ ነጥቦቹ ደግሞ፦ ሕጉ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው መሳል አለበት። ቁጥሩ ቢያንስ ስድስት የአስርዮሽ አሃዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤክሴል አሃዝ እንዳይቆርጥብሽ ተጠንቀቂ። ይርጋጨፌ ኬክሮሷ 6 ዲግሪ፣ ኬንትሮሷ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለቱ ከተገለበጡ ማሳው ከአልጄሪያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ዳታቤዙ ከዞናችሁ ወሰን ውጭ ያለ ነጥብ እንዳይቀበል አድርጊው። አንድ መስመር ሕግ ነው፣ ብዙ ጣጣ ያድንሻል።

የመጋዘን_ሰው

ሰላም ልጄ። ብዙ ዓመት በቡና መጋዘንና በላኪ ቤት መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄሽ ደስ አለኝ፤ አማካሪዎቹን የጠየቅሽው ትክክለኛውን ነገር ነው።

ፋይሎችሽ የማይተዋወቁት ሁሉም ያለቀ ነገር ስለሚጽፉ ነው። አንዱ «ይህን ያህል እሸት ገባ» ይላል፣ ሌላው «ይህን ያህል ጆንያ ወጣ» ይላል። በመሃል የሆነውን የሚጽፍ የለም። የእጥበቱን ሌሊት፣ አልጋውን፣ መጋዘኑን፣ ፍልፈላውን። ቡናው ግን የተቀላቀለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሞዴልሽ መሃል ላይ መቀመጥ ያለበት ድርጊቱ ነው። እያንዳንዱ ድርጊት ምን ገባበት፣ በስንት ኪሎ፣ ምን ወጣበት፣ በስንት ኪሎ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ፈረመ። ይኸው ነው።

ይህን እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ባርኮድን የሚያስተዳድረው ጂኤስ1 የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢፒሲአይኤስ የሚል መመዘኛ አለው። በውስጡ «ትራንስፎርሜሽን» የሚባል የድርጊት ዓይነት አለ። የገባው ነገር ሌላ ነገር ሆኖ ሲወጣ የሚመዘገብበት ነው። እሸት ገብቶ የታጠበ ቡና ከነቅሽሩ ሲወጣ አንድ ትራንስፎርሜሽን፣ ተፈልፍሎ ንጹሕ ቡና ሲሆን ሌላ ትራንስፎርሜሽን። መመዘኛውን በሙሉ መተግበር አይጠበቅብሽም። አስተሳሰቡን ብቻ ውሰጂ።

አሁን ወደ አቶ እገሌ ቡና። እሸቱ ከሌላው ጋር አብሮ ከተፈለፈለ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ሲስተምም አይለየውም። እንለያለን የሚል ካለ እያታለለ ነው። ሞዴልሽ ሊናገር የሚችለው «በዚህ ሎት ውስጥ ከእነዚህ ማሳዎች የመጣ ቡና ሊኖር ይችላል» ብሎ ነው። ያ ዝርዝር ሙሉ መሆን አለበት። ሕጉም የሚጠይቀው የሁሉንም ማሳ ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ አንድ ማሳ ችግር ካለበት ጭነቱ በሙሉ ይያዛል።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ቁጥሩን እይው። አንድ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ጆንያ ይጭናል። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው። በድምሩ 19,200 ኪሎ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ 115,000 ኪሎ እሸት አካባቢ ነው። በአንድ ርክክብ 80 ኪሎ እንኳ ብንል ከ1,400 በላይ ርክክብ ሆነ። እንግዲህ የማጠቢያ ጣቢያው አልጋዎቹን እንዳሻው ካደባለቀ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ከጣቢያው ገበሬ ሁሉ ጋር ይያያዛል። በአንድ ማሳ ምክንያት የዓመቱ ቡና በሙሉ ይጠረጠራል። የአንድ ቀን ርክክብ በአንድ መለያ ቁጥር ተዘግቶ፣ በተለዩ አልጋዎች ደርቆ፣ መጋዘን ውስጥም ለብቻው ከተደረደረ ግን ጉዳቱ በዚያው ክምችት ይወሰናል። አየሽ፣ አልጋ ላይ ምን ከምን ጋር ይዋሃድ የሚለው የጣቢያ ኃላፊው ውሳኔ የሞዴሉ ዋና ክፍል ነው። አማካሪው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሊሥለው አይችልም። ጣቢያ ድረስ ውሰጂያቸው።

ኪሎው ደግሞ ራሱ መርማሪ ነው። ለእያንዳንዱ ድርጊት የገባውንና የወጣውን ከመዘናችሁ የጣቢያችሁ ምጣኔ ይታወቃል። ከገባው እሸት የሚጠበቀውን ያህል ሳይሆን በጣም የበዛ ቡና ከወጣ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ቡና ገብቷል ማለት ነው። ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ለማሳውም እንዲሁ ነው። ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ የሁለት ሄክታር እሸት ካስረከበ የጎረቤት ቡና በእሱ ደብተር ገብቷል።

ሞዴል ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው ነገር እንዴት እንደሚጠፋ አገራችን ውስጥ አይተናል። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢ፣ በአዘገጃጀትና በደረጃ መድቦ ነበር የሚያገበያየው። ለታሰበለት ዓላማ ጠንካራ ሞዴል ነበር። ነጋዴው ደረጃውን አምኖ እንዲገዛ፣ ክፍያም ቶሎ እንዲፈጸም አደረገ። የማጠቢያ ጣቢያው ስም ግን በምደባው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ቡናው መጋዘን ሲገባ ስሙ ቀረ። ደንቡ ተሻሽሎ የምንጭ መረጃ እንዲቆይ እስኪደረግ ድረስ የጣቢያውን ስም የሚፈልጉ ገዢዎች ብዙ ተቸግረዋል። እናንተ ዩኒየኖች በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላችሁ ያ ችግር ብዙም አልነካችሁም።

ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ጥያቄዎቹን ጻፊ። በ1990ዎቹ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግሩኒንገርና ፎክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የድርጅቶችን አሠራር ኦንቶሎጂ ሲሠሩ ይህንን ዘዴ አድርገውታል። ሞዴሉ ሊመልሳቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች መጀመሪያ ይጽፋሉ፤ ጥያቄዎቹን መመለስ ካልቻለ ሞዴሉ አላለቀም። ያንቺዎቹ ምን ይሆናሉ? ይህ ኮንቴይነር ከየትኞቹ ማሳዎች መጣ? ይህ ማሳ ቢሰረዝ የትኞቹ ሎቶች ይነካሉ? ይህች ሴት ዘንድሮ ስንት ኪሎ አስረከበች፣ ከትርፍ ክፍፍሉስ ስንት ይደርሳታል? የመጨረሻዋን እንዳትተያት። ገዢው ስለ ማሳ ይጠይቃል፣ ገበሬው ግን የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው። ገበሬው የማይጠቀምበት መዝገብ በሁለተኛው ዓመት ባዶ ይሆናል።

ሰው፣ አባልነትና ማሳ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሦስት ሠንጠረዥ ስጫቸው። ባል አባል ነው፣ ሚስት አስረካቢ ናት፣ ማሳው ደግሞ የሁለቱም ነው። ርክክቡ ላይ ሦስቱም ይጻፉ። አባት ሞቶ ልጆች ማሳውን ሲካፈሉ የድሮው ማሳ ተዘግቶ ከእሱ የተወለዱ አዳዲስ ማሳዎች ይከፈታሉ፤ የድሮው አይሰረዝም። ለእያንዳንዱ ምንም ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር ስጪው። የክልልና የወረዳ ኮድ ቁጥሩ ውስጥ እንዳታስገቢ። ጌዴኦ እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነበር፤ አሁን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ማሳው ንቅንቅ አላለም። ቁጥሩ የክልሉን ኮድ ይዞ ቢሆን ግን ሁሉም መቀየር ነበረበት። ፋይዳ ያለው ገበሬ ካለ ቁጥሩን እንደ ተጨማሪ መረጃ ያዢው፤ መለያ አድርገሽ ግን አትንጠልጠዪበት፤ የሌለውም ገበሬ ነገ ያስረክባል።

ለስሙ፣ ጸሐፊው የጻፈውን እንዳለ አስቀምጪ። ከጎኑ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ይኑር። እዚያ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ ይመለሳሉ። ከነዝርያቸው፤ ፁም ጹ ይሆናል። ማሽኑ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ይመስላሉ» ይበልሽ። አንድ ናቸው ብሎ የሚወስነው ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ይሁን፤ ሰዎቹን በመልክ ያውቃቸዋልና።

ከቦን

እዚህ ጀርመን በብዝኃ ሕይወት መረጃ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ደኑ ጉዳይ ልጨምር፤ ቀይ_እሸት፣ ጭንቀትሽ ትክክል ነው፣ መልስም አለው።

ሳተላይቱ ያየው ዛፍ ነው። ዛፍ አለ ማለትና ደን ነው ማለት ለየቅል ናቸው። የአውሮፓው ሕግ የሚጠቀመው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትን (ፋኦን) አገላለጽ የተከተለ ነው። ከ0.5 ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት፣ ከ10 በመቶ በላይ የዛፍ ሽፋን፤ ነገር ግን በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት አይጨመርም። ፋኦ በማብራሪያው በዛፍ ሽፋን ሥር ሰብል የሚበቅልበትን ጥምር እርሻ በግልጽ ከደን ያወጣዋል። የኢትዮጵያ የራሷ መለኪያ ደግሞ ሌላ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ሽፋኑ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ «ደን፦ አዎ/አይደለም» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ካለሽ በማን መለኪያ እንደሆነ ጠፋ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ሦስት ነገር ለይቼ እይዛለሁ። ምን ታየ፤ የትኛው ካርታ፣ የየትኛው ዓመት። በየትኛው መለኪያ ተመዘነ። ማን ምን ወሰነ፣ በምን ማስረጃ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳው ላይ ቆሞ ያነሳው ፎቶ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የቀበሌው ደብዳቤ በዚህ በሦስተኛው ላይ ይያያዛሉ። ወሳኙ ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2020። ማሳው ከዚያ ቀን በፊትም ጓሮ እንደነበር ማሳየት ነው ሥራችሁ። እናንተ ዘንድ ይህ ከሌላው ቦታ ይቀላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቡናን ከእንሰትና ከዛፍ ጋር አጣምሮ በሚያለማው በዚህ እርሻ ነው። ማሳው ከተመዘገበው ክልል ውስጥ ከሆነ ይህም በማስረጃነት ይያያዝ። ብቻውን አይበቃም፤ የሳተላይቱን «ደን» ግን ለብቻው አይተወውም። ካፋና ኢሉባቦር ያሉ የጫካ ቡና አምራቾች የእናንተን መልስ እንዳለ ሊወስዱት አይችሉም፤ እዚያ እውነተኛ ደን አለና።

ይህ አያያዝ ለቡናው ዝርያም ይሠራል። ገበሬው «ኩሩሜ ነው»፣ «ወሊሾ ነው» ይላል። ከጎኑ ጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የለቀቀው 74110 ሊኖር ይችላል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ከመቱ አካባቢ ተመርጦ የቡና ፍሬ በሽታን ስለሚቋቋም የተሰራጨ ነው። ላኪው ግን ሁሉንም በአንድ የወል ስም ይጽፈዋል። አንቺ «ዝርያ» የሚል ዓምድ ከምታደርጊ «ማን፣ መቼ፣ በምን አይቶ እንዲህ አለ» በይ። የዊኪፔዲያ እህት የሆነው ክፍት የመረጃ ቋት ዊኪዳታ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መግለጫ ምንጩን ይዞ መቀመጥ ይችላል፤ ሁለት የሚቃረኑ መግለጫዎችም ከነምንጫቸው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ነገ የዘረመል ምርመራ ቢመጣ ሦስተኛ መግለጫ ይሆናል እንጂ የገበሬውን ቃል አይደመስሰውም። የገበሬው ቃል ደግሞ ለእኛ ለተመራማሪዎች ወርቅ ነው። ኩሩሜ የት የት ማሳ እንዳለ የሚያሳይ የዩኒየን መረጃ ቢኖር ስንት ጥናት ይሠራበት ነበር።

ቀይ_እሸት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የመጋዘን_ሰው፣ የቀን መለያ ቁጥሩን ሐሳብ ለአንድ ጣቢያ ኃላፊ በስልክ ነገርኩት። አልጋ መለየት ይቻላል አለ፤ መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ቦታ ግን ይጠበናል ብሏል። አንድ ጥያቄም አነሳ፦ እሸቱ የሚገባው ማታ ነው፣ ደረሰኙ ይቆረጣል፣ የእሸቱ ፍልፈላ (ከእጥበቱ በፊት ቆዳው የሚገፈፍበት) ግን ከእኩለ ሌሊት ያልፋል። በስልክ የሚመዘግበው ልጅ የፈረንጅ ቀን ይጠቀማል፣ ደረሰኙ በእኛ ነው። የአንድ ማታ እሸት በሁለት ቀን ተከፍሎ ይወጣል። የትኛው ይያዝ?

የመጋዘን_ሰው

ሁለቱም ይያዙ፣ ልጄ። የክምችቱ መለያ ቀን አይሁን፤ ተራ ቁጥር ይሁን። ሚዛኑ ሲከፈት ቁጥሩ ይከፈታል፣ የማታው የመጨረሻ ደረሰኝ ሲቆረጥ ይዘጋል። ርክክቡ የራሱ ሰዓት አለው፣ ፍልፈላውም የራሱ። ፍልፈላው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢያልቅም በዚያው ቁጥር ሥር ይጻፋል። ደረሰኙ ላይ ያለው የእኛ ቀን እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ የፈረንጁን ኮምፒውተሩ አስልቶ ከጎኑ ያስቀምጥ፤ ልጁ በእጁ እንዳይቀይር።

ስለ መጋዘኑ ጥበት፣ ኃላፊው ልክ ነው። በየቀኑ መለየት ካልቻለ የሦስት ቀኑን አንድ ላይ ያድርግ፤ ማዋሃዱ ራሱ እንደ አንድ ድርጊት ይመዝገብ፤ የገቡት ቁጥሮች ሦስት፣ የወጣው አንድ አዲስ ቁጥር። አልጋው ላይ የሚታሰረው ካርድ ላይ ያ አዲስ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍና ቡናው ሲነሳ ካርዱ ከጆንያው ጋር ይሂድ። ኅዳር ላይ ዝናብ ሲጥል ቡናው በጥድፊያ ይሸፈናል፣ ሠራተኛ አልጋ ከአልጋ ይቀላቅላል። ያን ቀን የተቀላቀለውን የሚጽፍ አንድ ሰው ከወዲሁ በስም ይመደብ።